ቀለሙን መጨረሻ ላይ ምረጡት፦ ለብረት ሰዓት የቆዳ ማሰሪያ ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆች፣ ሰሞኑን ሱቄ የምትመጡት አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ስልካችሁን ታወጡና ፎቶ ታሳዩኛላችሁ። ጥቁር ፊት ያለው የጠላቂ ሰዓት ነው፤ ቡናማ ቆዳ ታስሮለት ማኪያቶ አጠገብ ጋደም ብሏል። «ጋሼ፣ ልክ እንደዚህ ያድርጉልኝ።» እኔም አደርጋለሁ፣ ሥራዬ ነው። ግን ከሦስት ወር በኋላ ግማሾቻችሁ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ፤ ማሰሪያው ሸተተ፣ ሰዓቱ እጄ ላይ እየዞረ አስቸገረኝ፣ ቀዳዳው ሰፋ እያላችሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ከምናገር ልጻፈው አልኩ።

የብረት ስፖርት ሰዓት ላይ ቆዳ ማሰር ነውር አይደለም። አንዳንድ ሰው «ይሄማ ሰንሰለት ነው የተሠራለት» ይላል፤ አትስሙት። ፖል ኒውማን፣ ያ የፊልም ተዋናይና የመኪና ተወዳዳሪ፣ የብረት ሮሌክስ ዴይቶናውን በሰፊ የቆዳ ማሰሪያ አድርጎ የተነሳቸውን ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ። ያች ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ኒውዮርክ ላይ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች። ችግሩ ሌላ ነው፤ እናንተ ከቀለም ትጀምራላችሁ። መጀመሪያ የሚታየው ሰዓቱ ቆዳ ይቀበላል ወይ፣ ክብደቱ ስንት ነው፣ እጃችሁስ ቀኑን የት ይውላል የሚለው ነው። እነዚህ ከተመለሱ ቀለሙ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

አንዳንዱ ሰዓት ጭራሽ አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የኦዴማር ፒጌ ሮያል ኦክ፣ በ1976 የወጣው የፓቴክ ፊሊፕ ኖቲለስ፣ ሁለቱም ጄራልድ ጄንታ የነደፋቸው፣ ሰንሰለታቸው ከአካላቸው ጋር አንድ ሆኖ ነው የተሳለው። ከእነዚህ ጋር የሚመጣብኝ ሰው እንኳ የለም፤ ግን የእነሱን መልክ የተከተለው ቲሶ ፒአርኤክስ ዛሬ ብዙ ወጣት እጅ ላይ አለ። ማሰሪያው የሚገባበት ቦታ ጠባብና ልዩ ቅርጽ ያለው ስለሆነ ተራ ማሰሪያ አይገባለትም፤ ለእሱ ተብሎ የተቆረጠ ብቻ ነው የሚሆነው። ቆዳ መቀያየር የሚያምራችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው አራት ቀንድ ያለው ሰዓት ግዙ። ቀንድ የምለው ከአካሉ ወጣ ብለው ማሰሪያውን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ነው።

በቀንዶቹ መካከል ያለውን ስፋት በካሊፐር፣ ሚሊሜትር በሚለካው መቆንጠጫ መለኪያ፣ ለኩ፤ በዓይን አትገምቱ። ኦሜጋ ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል 20 ሚሊሜትር ነው። ሲኮ ኤስኬኤክስ007 22 ነው። ትንሿ ሲኮ ፋይቭ ኤስኤንኬ809 ደግሞ 18። የሮሌክስ ሰብማሪነር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 አካሉ ሲተልቅ ከ20 ወደ 21 ሄዷል። «የእኔም ሰብማሪነር ነው፣ የጓደኛዬ ይሆነኛል» ብላችሁ 20 ብታስሩበት ማሰሪያው ግራና ቀኝ ይላወሳል፣ ማሰሪያውን ከቀንዶቹ ጋር የሚያያይዘው ዘንግም በጎን ይታያል። አንድ ሚሊሜትር የሚሰፋውን በግድ ብታስገቡ ደግሞ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ጠርዙ በብረቱ እየተፋቀ በአጭር ጊዜ ይበላል።

ሞላ ያላት ያቺ ቀጭን ዘንግ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚንቃት ናት፤ እኔ ግን ከቆዳው እኩል ነው የማያት። የሲኮ ጠላቂ ሰዓቶች፣ ኤስኬኤክስን የመሰሉት፣ ዘንጋቸው 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ጫፉ ብቻውን ወደ 1.1 ይጠጋል። ተራው ዘንግ ጫፉ 0.8 አካባቢ ነው። ቆዳው የመጣበትን ቀጭን ዘንግ እዚያ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ስትከቱት ይገባል፣ ጠቅ ይላል፣ የያዘ ይመስላል። ውስጥ ውስጡን ግን ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ እጃችሁ የበሩን ጠርዝ ሲነካ ዘንጉ ይወጣና ሰዓቱ አስፋልት ላይ ነው። የተሰነጠቀ መስታወት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ ታሪክ ይሄው ነው። ስለዚህ የቆዳው ዘንግ ማስገቢያ ወፍራሙን ዘንግ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ይሠራ፣ ወይም ጫፉ ወፍራም ወገቡ ቀጭን የሆነውን ዘንግ ፈልጉ፤ ይገኛል።

አሁን ክብደት። የብረት ሰዓት በሰንሰለቱ ሲታሰር ሰንሰለቱም ከታች ስለሚከብድ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሰንሰለቱን አውጥታችሁ ስስ ቆዳ ስታስሩ ክብደቱ ሁሉ ላይ ይቀራል፤ ሰዓቱ ወደ ትንሿ ጣታችሁ በኩል ይንሸራተታል፣ እናንተም ቀኑን ሙሉ ስትመልሱት ትውላላችሁ። ከዚያ እንዳይዞር ብላችሁ አንድ ቀዳዳ ታጠብቃላችሁ፣ እጃችሁ ላይ ምልክት ይወጣል፣ ላቡ መውጫ ያጣል። የአካሉ ውፍረት 13 ሚሊሜትር አካባቢ ለሆነ ሰዓት ቆዳው ቀንዱ አጠገብ ከ4 ሚሊሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፣ ወደ ዘለበቱ ሲሄድ 2 ወይም 2.5 ይሁን። ስፋቱም ይቀንስ፤ 20 የሆነው ዘለበቱ ጋ 18 ወይም 16 ቢደርስ እጅ ላይ ያምራል። ከላይ እስከ ታች እኩል ወፍራም የሆነውን «ሚሊተሪ» ነው እያሉ ይሸጡላችኋል። ለእኔ ቀበቶ የታሰረ ነው የሚመስለኝ፤ ግን የሚወድ ይውደድ።

ወደ ቆዳው እንግባ፣ እኔም የምወደው ይሄንን ነው። ጀርባው ላይ «ጄኑይን ሌዘር»፣ እውነተኛ ቆዳ፣ የሚል ማኅተም አየሁ ብላችሁ አትደሰቱ። ማኅተሙ ቆዳ አለበት ከማለት ያለፈ ብዙ አይነግራችሁም። ከቆዳው የታችኛ ክፍል የተላጠው ስስ ንጣፍ ላይ ፕላስቲክ ቅብ ተለጥፎበትም ያንኑ ማኅተም ይመታል። እናንተ ጠርዙን እዩ። ማሰሪያውን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ጎኑን ስታዩ የፊት ቆዳውና ገበሩ ለየብቻ ይታያሉ፤ መሃላቸው ሙሌት አለ። ጎኑ በወፍራም ቀለም ተደፍኖ ምንም የማይታይ ከሆነ ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት። ቀለሙ እዚያው ከተሰነጠቀ መልሳችሁ ስጡት። ዘንጉ የሚገባበትን እጥፋትም እዩ፤ በሙጫ ብቻ የተያዘ ከሆነ ላብ ሲነካው ይከፈታል። ስፌቱ እዚያ ድረስ መድረስ አለበት።

ደግሞ አገራችን ቆዳ አላት። የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ በአካባቢው ስም የሚታወቅ ነው፤ ጠንካራና የታመቀ ነው፣ ለስዊድም፣ ፊቱ ሻግ ብሎ ለሚለሰልሰው ቆዳ፣ ይፈለጋል። የደጋ በግ ቆዳችን ደግሞ የጓንት ቆዳ ሆኖ ነው ስሙ የወጣው፤ ስስ ሆኖ የማይቀደድ። ለሰዓት የፊት ቆዳ ግን በጉን አልመክራችሁም። ልስላሴው ያታልላል፤ ሲሳብ ይለጠጥና ቀዳዳዎቹ እንደ እንቁላል ይሆናሉ። ከላይ የጥጃ ወይም የፍየል፣ ከታች የፍየል ገበር፣ ይሄ ነው የእኔ ምርጫ። ከሞጆ ፋብሪካዎች የወጣ ቁራጭ የሚሸጡ ነጋዴዎች መርካቶ አሉ፤ ስትገዙ ግን የቆዳውን ፊት በጣታችሁ ዳብሱት። በቅማልና በመዥገር መሰል ተባይ የተጎዳ እንስሳ ቆዳው ላይ ጥቃቅን ነጥብ ነጥብ ይተዋል፣ እከክ የሚሉት። በፀጉሩ ሳለ አይታይም፣ ከለፋ በኋላ ነው የሚወጣው። ለጌጥ ችግር የለውም፣ እንዲያውም አንዳንዴ ያምራል። ቀዳዳ የሚበሳበት ቦታ ላይ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

«በክሮም የለፋ ነው ወይስ በእፅዋት?» ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በክሮም፣ ማለትም በኬሚካል፣ የለፋው ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ ቶሎ አይለወጥም፣ ውሃም በመጠኑ ይችላል። በግራር ቅርፊትና በመሳሰለው የለፋው መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ የእጃችሁን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፣ በላቡና በፀሐዩ እየጠቆረ ይሄዳል። ይሄኛውን የሚያወድሱ ብዙ ናቸው። እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ትዕግሥት ለሌለው ሰው አልሸጠውም፤ በመጀመሪያው ሳምንት «ደረቀብኝ» ብሎ ቫዝሊን ቀብቶት ይመጣል። ቫዝሊን አትቀቡ! የሊስትሮ ቀለምም አታስቀቡ፣ የሸሚዛችሁ እጅጌ ላይ ነው የሚቀረው።

ላብና ውሃ። የሰዓቱ ፊት ላይ 200 ሜትር ተጽፏል ማለት ሰዓቱ ነው 200 ሜትር የሚችለው፣ ቆዳው አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ቆዳ እዚህ ይመቸዋል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያለ ልጅ ግን ሌላ ስሌት ነው ያለው። ዱባይና ጅዳ ያላችሁት ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ያንን ወበቅ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ቆዳውን ለቢሮና ለማታ አድርጉት፣ ቀን ውጭ የምትሠሩ ከሆነ ሰንሰለቱን ወይም ላስቲኩን እሰሩ። ለሶላት በየቀኑ አምስት ጊዜ ውዱእ የምታደርጉ ልጆች ሰዓቱን አውልቃችሁ ኪስ የመክተት ልማድ ከሌላችሁ ቆዳውን እርሱት፤ በቀን ብዙ ጊዜ እየራሰ ክንድ ላይ የሚደርቅ ገበር ምንም ቢሠራ ይሸታል። ከረጠበም ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፤ በጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አየር ያግኘው። በየቀኑ አንዱን ማሰሪያ ከማሠር ሁለት ይዞ ማፈራረቅ ይሻላል፣ ቆዳው ሲያርፍ ይደርቃል።

የፖል ኒውማን ዓይነቱን ሰፊ ማሰሪያ፣ ከሰዓቱ ሥር ሌላ ቆዳ የሚነጠፍበትን፣ ቡንድ የሚባለውን የምትጠይቁኝም አላችሁ። ብረቱ ሰውነት እንዳይነካ ያደርጋል፣ ትንሽ ሰዓትንም ገዘፍ ያደርጋል። 42 ሚሊሜትር የሆነ ጠላቂ ሰዓት ላይ ግን አልመክርም፤ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር አይገባም።

ቀለም እንግዲህ። ጥቁር ፊት ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሰማያዊ ፊት ላይ ፈካ ያለ ቡናማ፣ ነጭ ፊት ላይ የፈለጋችሁትን። የሚያብለጨልጭ ቆዳ ስፖርት ሰዓት ላይ አታድርጉ፤ ሰዓቱ ሻካራ ነው፣ ቆዳውም ደብዘዝ ይበል። ነጭ ክር ሱቅ ውስጥ ፏ ይላል፣ በሁለት ሳምንት ግን አመድ ይመስላል፤ ከቆዳው አንድ ደረጃ የፈካ ክር ይበቃል። «አዞ ነው» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ሁሉ የጥጃ ቆዳ ላይ የታተመ ነው። ቅርፊቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው ከተደጋገሙ ማሽን ነው ያወጣቸው፤ የእውነተኛው አዞ ቅርፊት አንዱ ከሌላው ይለያል። እውነተኛው ቢሆንም እንኳ ሱፍ ከሚለበስበት ቀጭን ሰዓት ጋር ነው የሚሄደው።

ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ቀንዶቹን በስኮች ሸፍኑ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፣ ሹካ መሰል ጫፍ ያለውን መሣሪያ ተጠቀሙ። በቢላዋ ጫፍ የተጫረ ቀንድ መልሶ አይጠፋም፤ መሸጥ የፈለጋችሁ ቀን ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሰንሰለቱን ከነዘንጎቹ፣ ከተቆረጡት ቁራጮች ጋር በላስቲክ ከታችሁ አስቀምጡ። ሰንሰለቱ የጠፋበት ሰዓት ሲሸጥ ዋጋው በደንብ ይወርዳል።

ቆዳው መቼ ይጣላል ለምትሉ፣ ፊቱን አትዩ፣ ፊቱ ለረጅም ጊዜ ያምራል። ዘንጉ የሚያልፍበትን እጥፋት ከውስጥ በኩል ገልጣችሁ እዩ፤ ክሩ ከሳሳ ወይም ቆዳው መሰንጠቅ ከጀመረ ጊዜው ደርሷል። አዲስ ማሰሪያ ስታስገቡ ዘንጎቹንም አብራችሁ ቀይሩ፣ ዋጋቸው ከሻይ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ተጠግታችሁ ማሰሪያውን በሁለት እጅ ያዙና ሳብ ሳብ አድርጉት፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እንደገና አውጥታችሁ አስገቡት።