ቁስቋምን ያፈረሰው እሳት ብቻ አይደለም

የግንባታ ሙያ ለምትማሩና ገና ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ጎንደር የሄደ ሁሉ የፋሲልን ግንብ አይቶ ይመለሳል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ተራራው ግርጌ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ግን ብዙ ጎብኚ የለውም። ቁስቋም ይባላል። እናንተ ሂዱና እዩት። ስለ ቤት ዕድሜ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም።

አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናቱ ምንትዋብ አብረውት ዘውድ ደፍተው አገር አስተዳደሩ። በነገሥታቱ ግቢ መኖሪያ አላጡም። ግን የራሳቸውን ቤት ከከተማው ራቅ አድርገው ሠሩ። ስሙንም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም ወሰዱ። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ የግብር (የግብዣ) አዳራሽ፣ ዙሪያውን የድንጋይ ቅጥር። ግድግዳው ላይ ቀላ ካለ ድንጋይ የተጠረበ መስቀል አለ። ስትሄዱ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ የሚገርም እጅ ነው።

ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1755 ሞተ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 ተገደለ፤ ሥልጣኑም በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ገባ። ያኔም ቤቱ ሰው ነበረው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ የተቀመጠው እዚያው ቁስቋም ነው፤ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችንም አክሟል። እቴጌይቱ በ1773 አረፉ።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ይመስለኛል። ዘመነ መሳፍንት ገባ። ንጉሡ ጎንደር ተቀምጦ አቅሙ ግን በየመሳፍንቱ እጅ ሆነ። እንዲህ ያለ ግቢ በየዓመቱ እንጨት የሚቀይርለት፣ ኖራ የሚያስለስንለት ባለጸጋ ይፈልጋል። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1888 ደግሞ የሱዳኑ ድርቡሽ መጥቶ አቃጠላት። የቁስቋም ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ እሳት ነው፤ እውነትም ነው። ግን እንደ ባለሙያ አስቡት። ግድግዳው ድንጋይና ኖራ ነው። እሳት የሚበላው ጣሪያውንና የወለሉን እንጨት ነው። ግድግዳውን ቀስ ብሎ የጨረሰው ክረምት ነው። ጣሪያ ሲጠፋ ዝናቡ ከግድግዳው አናት ይገባል፣ ኖራውን ያጥባል። ድንጋይ ይላቀቃል። ወፍ የጣለው ዘር በስንጥቁ ይበቅላል፣ ሥሩ ይገፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አስርት ዓመታት አለፉ፤ ጣሪያ የመለሰ ግን አልተገኘም።

አጠገቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ተመልከቱ። እሱም ተቃጥሎ ነበር። በኋላ እንደገና ተሠራ፤ ምክንያቱም የሚያስቀድስበት ሕዝብ ነበረው። ቤተ መንግሥቱ ግን የኔ ነው የሚለው አልነበረም። ልቤን የሚነካው ይህ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካያችሁ በኋላ፣ አሮጌ ቤት ስትረከቡ ከስንጥቁ በፊት «ነገ እዚህ ማን ይኖራል? ማን ይጠቀምበታል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መልስ ከሌለ የምታወጡት ገንዘብ ብዙ አይቆይም።

ስለ ሥራው አንድ ሁለት ነገር ልበል። የኖራ ግድግዳን በሲሚንቶ አትንኩ። ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ጉዳቱ ወደ ድንጋዩ ይዞራል። በጣሊያን ጊዜ የጎንደር ግንቦች በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ በኋላ ያንን አስወግዶ በኖራ መተካት ሌላ ድካም ሆነ። አሠሪ «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ቢጨቀጭቃችሁም እምቢ በሉ። ግድግዳ ውስጥ የገባ ሥርንም አትጎትቱ። ግንዱን ቆርጣችሁ ሥሩ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ካልሆነ ድንጋዩን ይዞት ይወጣል።

ቁስቋም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንዳንዶቻችሁ እንደ ድሮው አድርገን እንሥራው ትላላችሁ። ፍላጎታችሁ ይገባኛል፤ እኔ ግን አልስማማም። በአዲስ ድንጋይ የቆመ ቁስቋም የእኛ ግምት እንጂ የእቴጌይቱ ቤት አይሆንም። ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ የቆመው ግድግዳ አናት በኖራ ይሸፈን፣ የውኃው መውረጃ ይስተካከል፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ይለካና በሥዕል ይያዝ። ይህን ሥራ ደግሞ የአካባቢው ልጆች ይማሩት፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ወጥተው የሚያዩት እነሱ ናቸው።