በነቀርሳ የተፈረደበት ወጣት

ደሴ ያለች አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ‹ኤሬዎን›ን ጀምሬ መሀል ላይ ሰለቸኝ። ግማሹ ያስቃል፣ ግማሹ ጭካኔ ነው። ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቻችሁም ስሙት።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል በትለር ይህን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። ባለታሪኩ ተራራ ተሻግሮ ባገኘው አገር መታመም ወንጀል ነው። ገንዘብ ያጭበረበረውን ግን ወዳጆቹ እንደ በሽተኛ «እንዴት አደርክ?» እያሉ ይጠይቁታል። ይሄ ያስቃል፣ እውነትሽን ነው። እኛም ዘንድ የሰው ገንዘብ የበላውን ሰው ሠርግ ላይ ከፊት እናስቀምጠው የለ!

ጭካኔ ያልሽው ችሎቱን መሰለኝ። የ23 ዓመት ወጣት በሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም በቲቢ፣ ይከሰሳል። ዳኛው ያለፈውን ብሮንካይትስ (የሳንባ ቧንቧ ሕመም) ሳይቀር ቆጥሮ ዕድሜ ልክ ከከባድ ሥራ ጋር ይፈርድበታል። እኔ እዚያ ላይ መሳቅ አልቻልኩም።

ደቡብ ወሎ ገጠር ነርስ ሳለሁ እንደሱ ለጋ የሆነ ልጅ ቲቢ ክፍላችን መጣ። ሲኒውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ቤት ውስጥ ለይተውለታል፤ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ እሱ ጥግ ነው። ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በሲኒ አይተላለፍም፤ ይህን ለእናቱ ያስረዳት የለም። ወረፋ ላይ ሳለ አንድ ባልደረባችን «ነቀርሳ ያለባችሁ በዚህ በኩል!» ብሎ ጮኸ። ግቢው ሁሉ ዞሮ አየው። ልጁ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበ።

መድኃኒቱን ጀመረ። ሳሉ ቀለል ሲለው መምጣቱን ተወ። መድኃኒቱ እንዲህ ሲቋረጥ ቲቢ አገርሽቶ ሊመለስ፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ፍለጋ ወጣን። ባስመዘገበው መንደር በዚያ ስም የሚታወቅ ሰው የለም። ጎረቤት እንዳይሰማበት ስሙንም አገሩንም ቀይሮ ነበር። ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ችሎቱን ሳትዘይ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የዛሬ ልጆች ጥቂት ገጽ ገልጣችሁ «ይደብራል» ትላላችሁ፤ ይሄ አይዋጥልኝም። ግን ድብርት ሲይዛችሁ ለጓደኛ ትናገራላችሁ። እኛ ያንን አልደፈርንም፤ በዚህ ትበልጡናላችሁ።

ስለ ማሽን የሚያወሩትን 3 ምዕራፎች ብትዘያቸው አልቀየምሽም፤ እኔንም አድክመውኛል። ይሁንና በትለር ማሽን አድጎ ሰውን ሊገዛ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በ1863 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ በግ እያረባ ሳለ ጋዜጣ ላይ ጽፎት ነበር። ሰው ሁሉ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በሚያወራበት በዚህ ጊዜ ለአንቺ ሌላ ነገር ይሉሽ ይሆናል። እንግዲያው አትዝለያቸው። አንብቢና ጻፊልኝ።