መልስ፦ ጆሮህን እመን፣ ዋጋውን ሳታይ ግን

«ሁለት አምፕሊፋየር (ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከር የሚልክ መሣሪያ) አወዳድሬ ውዱ በጣም በለጠብኝ፤ በመለኪያ ግን እኩል ናቸው ይላሉ። ማንን ልመን?» ላልከው፣ እኔ ጆሮህን እመን ባይ ነኝ። ግን የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳታውቅ።

ለመሆኑ ድምፃቸውን እኩል አድርገህ ነበር? ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አንዱ በ1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ከፍ ቢል ጆሮ «ጮኸ» አይልም። «ጠራ፣ ቤዙ ሞላ» ነው የሚለው። በቮልዩም ቁልፍ በግምት ማስተካከል ደግሞ አይበቃም። አንድ ወጥ ድምፅ (ቶን) አጫውትና ስፒከሩ የሚታሰርበት ጫፍ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እያየህ እኩል አድርገው። ከዚያ ጓደኛህ አንተ ሳታይ ይቀያይርልህ። ከ16 ጊዜ 12ቱን የትኛው እንደሆነ በትክክል ከለየህ፣ ልዩነቱ አለ ማለት ይቻላል። በግምት ብቻ እዚያ የመድረስ ዕድሉ ከ100 4 ገደማ ነውና።

እኔ ራሴ አዲስ የስፒከር ገመድ ገዝቼ «ሌላ ዓለም ነው» ስል ከርሜ፣ እንዲህ ስፈተን ከ16 7 ብቻ አገኘሁ። አፈርኩ።

ስፒከር ላይ ግን ልዩነቱ የእውነት ነው፤ የምታዳምጥበት ክፍልም ይገባበታል። እሱም ቢሆን ከመለኪያ ጋር አይጣላም። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል ካናዳ ውስጥ ባካሄዳቸው የጭፍን ሙከራዎች አድማጮች በአብዛኛው የመረጡት በመለኪያም ሲታዩ የድምፃቸው መስመር ጉብታና ጉድጓድ ያልበዛበትን (ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ በእኩል የሚያወጡትን) ስፒከሮች ነው። የአምፕሊፋየሩን ብር ወደዚያ ብታዞረው ይሻልሃል።