መልስ፦ ስሊፕ ያደረግኩት ዴስክቶፕ ሌሊት በራሱ ይነሳል

ሰላም ወንድሜ። ማታ ስሊፕ አድርገኸው የተኛኸው ዴስክቶፕ ሌሊት ፋኑ እያጓራ የሚቀሰቅስህ ከሆነ፣ ፓወር ሰፕላይ ለመቀየር አትቸኩል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሴቲንግ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደቀሰቀሰው እወቅ። ዊንዶውስ ይመዘግበዋል። ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ማያ ፕሮግራም ክፈትና ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም ውስጥ ግባ። ምንጩ ፓወር ትራብልሹተር የሆነውን መስመር ስትነካው ከታች «ዌክ ሶርስ» (የቀሰቀሰው ነገር) ብሎ ይነግርሃል።

የእኔ ማውዙ ነበር። ከባድ መኪና በደጅ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይርገበገባል፣ የማውዙ ቀይ መብራት ቦግ ይላል፣ ማሽኑ ይነሳል። ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር) ገብቼ በማውዙ ፕሮፐርቲስ፣ ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ታብ ላይ፣ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት አጠፋሁት። በቃ፣ ተገላገልኩ። ኔትወርክ ካርዱም ተመሳሳይ ምልክት አለው። የቀሰቀሰው ታይመር፣ ማለትም በሰዓት የተቀጠረ ሥራ ከሆነ ደግሞ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ ውስጥ፣ ስሊፕ ሥር ዌክ ታይመርስን ዲሴብል አድርግ።

ሰፈራችሁ ሌሊት መብራት ይሄዳል? እንደዚያ ከሆነ መብራቱ ሲመጣ በራሱ እየበራ ይሆናል። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ኤሲ ፓወር ሎስ የሚለውን ፈልገህ ወደ ፓወር ኦፍ ቀይረው። ስሊፕ ሥራህን የሚይዘው ራም ላይ፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ ባዶ በሚሆነው ሜሞሪ ላይ ስለሆነ፣ ሃይብሪድ ስሊፕ (ዲስክ ላይም ቅጂ የሚያስቀምጠው) ካልበራ መብራት ሲሄድ ሴቭ ያላደረግከው ሁሉ ይጠፋል። ማታ ማታ ሃይበርኔት ተጠቀም፤ እሱ ዲስክ ላይ ይጽፈዋል።

ዌክ ሶርሱ ምን እንደሚል ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።