የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ጥርሱ ሲበላ

ጠያቂው የሞተርሳይክላቸው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ዝም ብሎ እንደሚዞርና እንደማይጠብቅ ገልጸው፣ ወፈር ያለ ብሎን በግድ ቢያስገቡበት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔም ላይ ስለደረሰ፣ እንዳያስገቡበት እመክራለሁ።

እኔ ዘይት ከቀየርኩ በኋላ አንዲት ጠብታ ባይ፣ አሮጌውን ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባውን ቀለበት) መልሼ ማስገባቴን ዘንግቼ ብሎኑ የላላ መስሎኝ መፍቻውን ደጋግሜ ተጫንኩት። እየከበደ የመጣው ብሎን ድንገት ለስለስ አለ፤ ሳወጣውም ጥርሶቹ ላይ እንደ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ የአሉሚኒየም ክር አገኘሁ። ብሎኑ ብረት፣ የሞተሩ አካል ደግሞ አሉሚኒየም በመሆኑ፣ ሲታገሉ የሚሸነፈው ሞተሩ ነው። ዘይቱን የሚያግደው የክንድ ጉልበት ሳይሆን ተጨፍልቆ ክፍተቱን የሚሞላው ሮንዴላ ስለሆነ፣ በየዘይት ቅያሪው አዲስ ይደረግ። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ብሎኖች በብዙ ሞተሮች ላይ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ያህል የማጥበቂያ ኃይል ይበቃቸዋል፤ ትክክለኛውን ልክ ግን ከሞተርሳይክሉ መመሪያ ይውሰዱ። ብሎኑን ሁልጊዜ በጣት ያስጀምሩት፤ ከሥር ተኝቶ ሲሠራ አቅጣጫ ተምታቶበት የሚፈታ መስሎት የሚያጠብቅም አይጠፋም።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ አስቀድመው ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን ይዩት። የተበላው የውጭው ጥርስ ብቻ ከሆነና ከውስጥ ደህና ጥርስ ካለ፣ ጫፉ የውስጥ ክፍል እስካልነካ ድረስ ትንሽ ረዘም ያለ ብሎን ሊይዝ ይችላል። ራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባው ወፍራም ብሎን ግን በቀላሉ ይጣመማል፣ አካሉንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ቴፍሎን መጠቅለልም የተበላ ጥርስ አይመልስም፤ ቁርጥራጩም የዘይት ማጣሪያውን ሊዘጋ ይችላል።

እኔ የመረጥኩት ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው የብረት ቡሺንግ፣ ማለትም በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚቀበል አጭር ቱቦ ነው። ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥቅልልም ይሠራል፤ ነገር ግን ይህ ብሎን በየጊዜው ስለሚፈታ ጥቅልሉ አብሮት እንዳይወጣ እሰጋለሁ። ቀዳዳው በትራፓኖ ቀጥ ብሎ ይሰፋል፤ ጥርስ ማውጫው ፍርፋሪውን እንዲይዝ በግራሶ ተቀብቶ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እየተደረገ ይገባል፤ ከዚያም የቀረው ብናኝ ታጥቦ እንዲወጣ ጥቂት ዘይት ከላይ ይፈስሳል። ሮንዴላው በሞተሩ አካል ላይ እንጂ በቡሺንጉ ጠርዝ ላይ እንዳያርፍ ቡሺንጉ ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ የእኔ መጀመሪያ ሲገባ ለጥቂት ብቅ ብሎ ስለቀረ፣ ሌሊቱን ከሥሩ ያነጠፍኩት ነጭ ወረቀት ላይ ጠዋት የዘይት ክብ አገኘሁና እንደገና አስወጣሁት።