ናሙናው ላቦራቶሪ ከገባ በኋላ፦ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ደሴ ውስጥ ፓቶሎጂስት ሆኜ እሠራለሁ። ከታማሚ ሰውነት የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ ምንነቱን መጻፍ ነው ሥራዬ። ታካሚና እኔ ብዙ ጊዜ አንገናኝም፤ ስለዚህ ጥያቄው ሳይመለስለት ይቀራል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ አክስቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል። ጎረቤቱ ሁሉ «መርፌ ከነካው ይሰራጫል፤ እንዳታስነኪው» እያለ አስፈራራት። እውነት ነው?

አይደለም እህቴ። ይህን ወሬ አምነው ወራት ያሳለፉ ሴቶች ናሙና እጄ ስለሚገባ አጥብቄ ነው የምናገረው። ካንሰር የሚሰራጨው ህዋሶቹ ራሳቸው ወደ ደም ሥርና ወደ ሊምፍ ሥር ሰብረው ስለሚገቡ ነው። መርፌ ቢነካውም ባይነካውም ይህን ያደርጋል። መርፌ የማይመከርባቸው ጥቂት ዕጢዎች አሉ፤ የወንድ የዘር ፍሬ ዕጢ አንዱ ነው። እነዚያን ሐኪሞች ያውቋቸዋል። የጡት እብጠት ከእነሱ አይደለም። ደግሞም ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ግን በእጅ ዳስሶ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። አክስትሽን «አብሽሪ» በያትና ይዘሻት ሂጂ።

ከኮምቦልቻ፦ አባቴ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የወጣውን ሥጋ በዕቃ አድርገው «ላቦራቶሪ አድርሱ» አሉን። መኪና አጥተን ናሙናው ቤት አደረ። ተበላሽቶ ይሆን?

ፎርማሊን ውስጥ (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ነው) ከነበረ አይጨነቁ፤ አንድ ሌሊት አያበላሸውም። ይህ ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

ሥጋ ከሰውነት ሲወጣ ደም ይቋረጥበታል፤ ወዲያው መፍረስ ይጀምራል። ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ አያይዞ ባሉበት ያቆማቸዋል። ይህን የሚያደርገው ግን በቂ ሲሆን ነው። ፈሳሹ ከናሙናው አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ትልቅ ዕጢ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ፎርማሊኑ ሥሩን ብቻ አርሶት ሲመጣ አያለሁ። ውጪው ደህና ይመስላል፤ ሲቆረጥ መሐሉ በስብሷል። አፈ ጠባብ ጠርሙስም ሌላ ጣጣ አለው፦ ሥጋው ለስላሳ እያለ ይገባል፣ ከደረቀ በኋላ ግን አልወጣ ይላል።

ውሃና ሳላይን (የሕክምና ጨው ውሃ) ፎርማሊንን አይተኩም። ፍሪዘር ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ በረዶው ህዋሶቹን ይቀዳድዳቸዋል። ዕቃውን ቤት ውስጥ አትክፈቱት፤ ሽታው ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ከልጆችም አርቁት።

የጡት ናሙና ከሆነ ሰዓቱም ይቆጠራል። ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ቢቆይ ይመረጣል። ያለዚያ በኋላ የሚሠራው የሆርሞን ምርመራ ሊያሳስት ይችላል።

አብሮ የሚላከውን ወረቀትም አደራ። ዕድሜ፣ የተወሰደበት ቦታ፣ እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ ቀድሞ የተወሰደ ሕክምና ይጻፍበት። የአጥንት ናሙና ከሆነ ራጁንም ላኩልኝ። የሚድን ስብራትና የአጥንት ካንሰር ማይክሮስኮፕ ሥር አንዳንዴ ይቀራረባሉ፤ ራጁ ነው የሚለያቸው።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሚሠሩ ጋሼ፦ በማይክሮስኮፕ ማየት የደቂቃ ሥራ አይደለም እንዴ? ለምን ቀናት ይፈጃል?

ጋሼ፣ ማየቱማ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ናሙናው በአልኮል ውሃው ይወጣለታል። ከዚያ በ60 ዲግሪ ገደማ የቀለጠ ሰም ውስጡ ይገባል። ሲደርቅ ማይክሮቶም በሚባል መሣሪያ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ይላጣል። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በዚህ ደረጃ የሚታይ ነገር የለም፤ ብርሃን ያሳልፋል እንጂ።

ከዚያ ማቅለም ይመጣል፤ ይህ ለእርስዎ ሙያ ቅርብ ነው። ሄማቶክሲሊን የምንለው ቀለም ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ነው። ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት ለዘመናት ጨርቅ ይቀለምበት ነበር። የህዋሱን ኒውክለስ (እምብርቱን) ሰማያዊ ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ኢዮሲን የሚባለው ደግሞ የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። ዛሬም በዓለም ላይ አብዛኛው የካንሰር ምርመራ የሚጀምረው በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ነው።

ከሆጤ፦ ካንሰር መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

በሁለት ነገር። አንደኛው የህዋሱ መልክ ነው። ኒውክለሱ ይተልቃል፣ ይጠቁራል፣ ቅርጹ ይዛባል፤ በመከፋፈል ላይ ያለው ህዋስም ይበዛል። ሁለተኛው ቦታው ነው፤ ለእኔ ከመልኩ ይበልጥብኛል። ጤነኛ ህዋስ አጥሩን፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን፣ አያልፍም። መልኩ ተበላሽቶ ገና አጥሩን ካልጣሰ ቀድሞ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። የማህፀን በር ምርመራ ዋጋው ይኸው ነው፤ ሳይጥስ ይደርሱበታል።

ከሰኞ ገበያ፦ ወንድሜ አንገቱ ላይ ዕጢ አበጠ። «ቲቢ ነው» ብለው መድኃኒት ሊያስጀምሩት ነው። ናሙና ያስፈልገዋል?

እኔ ብሆን ናሙና ሳይወሰድ አላስጀምረውም። በእኛ አገር የአንገት ዕጢ ሲያብጥ ቲቢ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ሊምፎማ የሚባለው የሊምፍ ዕጢ ካንሰርም እንዲሁ ያሳብጣል፤ ያከሳል፣ ሌሊት ላብ ያመጣል። በግምት ተጀምሮ ወራት ከሄደ በኋላ ካንሰር ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል። በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና ብዙውን ጊዜ ቲቢውን ይለያል፤ የቲቢን ጀርም ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የሚባል ምርመራም ይረዳል። ሊምፎማ ከተጠረጠረ ግን መርፌ አይበቃም፤ ዕጢው ተቆርጦ መውጣት አለበት። የዕጢው የውስጥ አወቃቀር እንዴት እንደተለወጠ ማየት ስላለብን ነው።

ከኩታበር፦ ለእንቅርቴ በመርፌ ተመርምሬ «አልተለየም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» አሉኝ። ሐኪሙ አላወቀበትም ማለት ነው?

አይደለም እናቴ። አንድ ዓይነት የእንቅርት ዕጢ አለ፤ ክፉውም ደጉም ህዋሱ አንድ ይመስላል። የሚለየው ዙሪያውን የሸፈነውን ልባስ መጣሱ ነው። መርፌ የሚያወጣው ህዋስ ብቻ ስለሆነ ልባሱ አይታይም። ተቆርጦ ሲወጣ ዙሪያውን እናየዋለን። «አልተለየም» ያለዎት ሐኪም እውነቱን ነው የነገረዎት።

ከፒያሳ፦ የእናቴ ውጤት ላይ «ግሬድ 3» ይላል። ደረጃ ሦስት ደርሷል ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ ብዙ ቤተሰብ ያስለቅሳል። ግሬድ ህዋሱ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ደረጃ የምትሉት ስቴጅ ነው፤ የት ድረስ እንደተሰራጨ ነው የሚለካው። ግሬድ 3 ሆኖ ገና አንድ ቦታ ያለ ዕጢ አለ። ስቴጁን ሐኪሟን ጠይቁ።

ያው ጠያቂ፦ ሌላ ሆስፒታል እንደገና እንዲያየው ብንፈልግስ? ድጋሚ ትቆረጥ ይሆን?

ብዙ ጊዜ አትቆረጥም። ናሙናው ያለበት የሰም ቁራጭ (ብሎክ) ለዓመታት ይቀመጣል። ከእሱ ለአዲስ ስላይድ (ማይክሮስኮፕ ሥር ለሚታየው መስታወት) ይላጣል፤ ለጡት ካንሰር መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዳው የኤስትሮጅንና የኸር ቱ ምርመራም ከእሱ ይሠራል። ብሎኩን፣ ስላይዱንና የውጤቱን ቅጂ ከመረመራት ላቦራቶሪ ጠይቁ። ስትወስዱ ፈርሙ፤ ብሎኩ ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው አመሳክሩ። በሙቀት ሰሙ ስለሚለሰልስ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።