የቀበሌ ደብዳቤ ለጦጣ አይሠራም

ጤና ይስጥልኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ውሎዬ ከላምና ከውሻ ጋር ነው፤ ስልኬ ላይ የሚበዛው ጥያቄ ግን «ዶክተር፣ ይኼን አውሬ ቤቴ ባሳድገው ምን ይለኛል?» የሚል ነው። የደረሱኝን እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጦጣ ከገዛን ዓመት ሆነን፤ ከልጆቹ ጋር አንድ ማዕድ ትበላለች። ቀበሌያችንም «ተቃውሞ የለንም» ብሎ ጽፎልናል። ይበቃል?

አይበቃም እናቴ። ቀበሌ መታወቂያ ይሰጣል እንጂ የጦጣ ፈቃድ አይሰጥም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ጉዳዩን ለፌዴራልና ለክልል መንግሥታት ነው ያከፋፈለው። ስለዚህ የሚጠየቀው ወይ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፣ ወይ በክልልዎ የዱር እንስሳት ጉዳይ የተሰጠው ቢሮ፤ የቢሮው ስም ከክልል ክልል ይለያያል። ፈቃድ ደግሞ የሚጠየቀው እንስሳው እጅ ሳይገባ ነው። «ገዝቻታለሁ» ማለትም አያድንም፤ ሻጩ ራሱ የሚሸጠው አልነበረውም።

ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ጦጣ የሰውን ሳንባ ነቀርሳ ይይዛታል፤ እሷም ከነከሰች የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋል። አንድ ማዕድ መብላቱን ዛሬውኑ ያስቀሩልኝ። አንድ ጊዜ ሱቅ በራፍ ላይ ወገቧን በሲባጎ ታስራ ያደገች ጦጣ አምጥተውልኝ ነበር። እሷ ስታድግ ሲባጎው አላደገም፤ ቆዳዋ ውጦት ስለነበር ፀጉሯን ላጭተን፣ አደንዝዘን፣ በምላጭ ነው ያወጣነው። ባለቤቷ ከልቡ ይወዳት ነበር። አጠገቤ ቆሞ አልቅሷል።

ጥያቄ፦ ብናስረክብ ይገድሏታል ወይስ ጫካ ይለቋታል?

ራስዎ ወስደው እንዳይለቋት። ሰው ያሳደጋት ጦጣ መንጋው አይቀበላትም፣ ምግብ ፍለጋም የምትመለሰው ወደ ሰው ቤት ነው። ሆለታ አጠገብ «እንሰሳ ኮቴ» የሚባል፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ማቆያ አለ፤ ከሕገወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ጦጣዎች ይኖሩበታል። ግን በቀጥታ ጭነው አይሂዱ፤ መጀመሪያ ለባለሥልጣኑ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ አንበሳ አሳድገው የለም እንዴ? ለእኛ ሲሆን ነው የሚከለከለው?

ይህን ጠያቂ ወድጄዋለሁ። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. ሲቋቋም ከጀርባው ቤተ መንግሥት ነበር። አንተ ጀርባ ያለው የማን አጥር ነው? ደቦል ሲሆን እንደ ድመት ያሳሳል፤ ሲያድግ ግን በቀን ኪሎ ቆጥረህ ሥጋ ትገዛለታለህ፣ ጎረቤትህም ሌሊቱን በግሣት ያድራል። ቀልዱን ትተን፦ ለግለሰብ ጊቢ አንበሳ የሚፈቅድ ቢሮ አትፈልግ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ያለ ዘመዴ የአቦሸማኔ ግልገል ላክልኝ አለኝ…

አትላክ። አቦሸማኔ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይተስ (አገሮች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠሩበት) ስምምነት በጥብቅ ከተከለከለው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ናት። ከምሥራቁ አገራችን በሶማሌላንድ አድርገው ባሕር የሚያሻግሯቸው ግልገሎች ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ዘመድህም ቢሆን አያመልጥም፤ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አደገኛ አውሬ በግል መያዝን ከልክላለች።

ጥያቄ፦ አያቴ ጅማ ጥርኝ ያረቡ ነበር። እኔም ብጀምር?

ይህ እንኳ መንገድ አለው። ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ ለሽቶ የሚላክ የቆየ ሸቀጥ ነው፤ ቀንድ ውስጥ ታሽጎ ይሸጥ እንደነበር አያትህ ሳይነግሩህ አይቀሩም። ግን በአያት ስም አይገባበትም፤ እንስሳውን ለመያዝም ለማርባትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ነገር ጎጆው ነው። በድሮው ጠባብ የእንጨት ጎጆ ጥርኙ መዞር እንኳ አይችልም፤ ዝባዱ ሲፋቅም በግድ ተይዞ ነው፣ ይቆስላል። አሁን ምን ዓይነት ማቆያ እንደሚፈለግ ሳትጠይቅ እንጨት አትቁረጥ።

ጥያቄ፦ ኤሊስ?

ኤሊም የዱር እንስሳ ናት፤ ዝም ስላለች ብቻ ነው የምንረሳት። ጊቢያችሁ ውስጥ ካለች ዳቦና እንጀራ አቁሙላት፤ ሣር፣ ቅጠልና ፀሐይ ይበቋታል። ቢሮውንም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እርሻ ውስጥ ብቻዋን የተኛች የድኩላ ግልገል አግኝቼ ቤት አስገባኋት። ወተት ልስጣት?

መቼ አገኘሃት? ዛሬ ጠዋት ከሆነ አሁኑኑ መልሳት። እናቷ አልጠፋችም፤ ድኩላ ግልገሏን ሣር ውስጥ ደብቃ ትሰማራለች፣ ለማጥባት ብቻ ትመጣለች። ያነሣህበት ቦታ ላይ አስቀምጣትና ውሻህን አስረህ ራቅ በል። እናቷ አንተ ቆመህ እያየህ አትመጣም።